ከዳር ገባ ያለው መስመር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እትዬ አስናቀች፣ ለመሆኑ ኮሌጁ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?» ጸሐፊ ነበርኩ ብዬ መገላገል እችላለሁ፤ የጡረታ ወረቀቴም የሚለው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ይተወዋል። ሙሉውን ልናገር ካልኩ ደግሞ በአንድ የባጃጅ መንገድ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚማሩ ልጆች በሚታተመው ማስተማሪያ ውስጥ የኮድ ምሳሌዎችን አስተካክዬ ወረቀት ላይ የማስቀምጥ ሰው ነበርኩ። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት «ማስተካከል ማለት ምን ማድረግ ነው?» አለችኝ። «መስመሩ ከዳር ምን ያህል ገባ እንደሚል መወሰን» አልኳት። አየችኝ አየችኝና «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ የነበረው?» አለች። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ከእሷ ጋር ተኳርፌ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሥራ የጀመርኩት ዋጫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት፣ በጽሕፈት መኪና። አለቃዬ አቶ ኃይሌ የሚባሉ፣ ክራባት ሳያስሩ ከቤታቸው የማይወጡ ሰው ነበሩ። ደብዳቤ ጽፌ ስሰጣቸው መጀመሪያ አያነቡትም። መስኮቱ ላይ ለጥፈው በብርሃን ጠርዙን ያዩታል። የግራው ኅዳግ ትንሽ ከተዛነፈ «አስናቀች፣ ይህ ደብዳቤ ጠጥቶ ነው የመጣው?» ይሉኛል። እንደገና እጽፋለሁ። በዚያ ዘመን የተሳሳተውን መልሶ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን ከንዴቴ የተነሳ ወረቀቱን ብበላው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አውራ ጣቴ ባዶ ቦታ በትክክል መምታት የለመደው እዚያ ነው። አንቀጽ ሲጀምር ይህን ያህል፣ ግርጌ ላይ ለፊርማው ይህን ያህል እያልኩ ዓይኔን ጨፍኜ እመታው ነበር።

ባለቤቴ መምህር ነበርና ወደ ቦንጋ ሲዛወር ተከትዬው መጣሁ። ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ዞርኩ፤ ኮምፒውተር መጣ፣ ሥልጠና ወሰድኩ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፣ የስብሰባ ጥሪ ጻፍኩ። በመጨረሻ ወደ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተዛወርኩ። ከዝውውሩ ጋር የደመወዝ ጭማሪ ነበረው ይባላል፤ ባለቤቴም እኔም ፈልገን አላገኘነውም።

ኮሌጁ ውስጥ ጋሽ ወልዴን አገኘሁ። ጋሽ ወልዴ ከሰሜን የመጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ኮምፒውተር ወደ ኮሌጁ ሲገባ ከወጣቶቹ ቀድመው ተምረው የፕሮግራም ትምህርት የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ሲናደዱ የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ቆሎ መብላት ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ በር ላይ የለጠፉት እሳቸው ሲሆኑ፣ ከኪቦርዱ ሥር የምንጠርገው ቆሎም የእሳቸው ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬን መቼም አልረሳውም። በእንግሊዝኛ ፊደል በእጃቸው የጻፉትን የኮድ ምሳሌ ሰጡኝና ሞጁል ወደሚባለው ማስተማሪያ መጽሐፍ እንዳስገባው ነገሩኝ። አቶ ኃይሌ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝና አሳመርኩት። ግራና ቀኙን እኩል አደረግኩ። የየመስመሩን መጀመሪያ ፊደል ትልቅ አደረግኩ። ትምህርተ ጥቅሱን ቆልመም ያለ ቆንጆ ምልክት አደረግኩት። ቀጭን፣ ዘመናዊ የፊደል ዓይነት መረጥኩ። አትሜ ስሰጣቸው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቆንጆ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። «በጣም ቆንጆ ነው። በይ ነይ፣ እዚህ ተቀመጪና አንብቢልኝ።»

ጃኬታቸውን አውልቀው የእኔን ስክሪን አለበሱት። እሳቸው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጡ። ማስመሪያ ሰጡኝ፤ ከማነበው መስመር ሥር አድርጌ አንድ በአንድ እንድወርድ ነው። እኔ አነበብኩ፣ እሳቸው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ መቱ። ሲጨርሱ ፕሮግራሙን እንዲሠራ አዘዙት። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አንዱን አስተካከሉ፣ ሌላ ቀይ ወጣ። የቆለመምኩትን ጥቅስ አልቀበልም አለ። ትልቅ ያደረግኩትን ፊደል አላውቀውም አለ። እንዲያ ያማረው ወረቀቴ አንድ መስመር እንኳ የሚሠራ አልነበረውም። ጋሽ ወልዴ አላንጎራጎሩም፤ ሳቁ። «አስናቀች፣ ሰው የተሳሳተ ደብዳቤ ቢደርሰው ይህን ለማለት ፈልገው ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ዕቃ ግን ይሉኝታ የለውም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ለተማሪ የሚሰጥ አንድም ምሳሌ በዚህ መንገድ ሳናሳልፍ አላወጣንም። «ተሳስተሻል» ብለውኝ አያውቁም። ስህተት ሲያዩ «እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» ብቻ ነው የሚሉት፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ጃኬቱን ስክሪኑ ላይ የሚያለብሱትም ፋይሉን እንዳናይ ነው። ልጆቹ ፋይሉ የላቸውም፣ ያላቸው ወረቀት ነው፤ እኛም የምናየው ወረቀቱን ብቻ መሆን አለበት ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ልጆቹ እንዴት ይማሩ እንደነበር መናገር አለብኝ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ነው፣ መብራቱም እንደ ልቡ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ ምሳሌውን ከሞጁሉ ላይ ደብተራቸው ላይ በእጃቸው ይገለብጡታል። ከዚያ ያጠኑታል፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይይዙታል። መብራት ሲመጣና ተራቸው ሲደርስ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይመታል። ሌላ ቦታ እንዲህ ይማሩ እንደሆነ አላውቅም፣ የእኛ ልጆች ግን ኮድ በጆሮ ነው የተማሩት።

ችግሩ ባዶ ቦታ ጮክ ተብሎ አይነበብም። የምናስተምረው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነበር፤ በፓይተን ደግሞ ባዶ ቦታ ትርጉም አለው። ለማያውቅ ሰው በሞጁላችን ባለው የቡና ምሳሌ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። የቡና መረከቢያ ቦታ ገበሬዎች ተሰልፈው ቡናቸውን ያስመዝናሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ገበሬ መዝን፣ በዋጋ አባዛ፣ ጠቅላላው ድምር ላይ ጨምር ማለት ስትፈልግ፣ እነዚህን ትእዛዞች ከዳር ገባ አድርገህ ትጽፋቸዋለህ። ኮምፒውተሩ ገባ ያሉትን ለየሰው ይደጋግማቸዋል። ወደ ዳር የወጣውን መስመር ግን ሰልፉ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጽመዋል። አንድ መስመር ገባ ማለቱና አለማለቱ ሰማይና ምድር ነው።

እንግዲህ ይህ ገባ ማለት ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ያልሞከርኩት ነገር የለም። መጀመሪያ የፊደሉን ዓይነት ቀየርኩ፤ ሁሉም ፊደል እኩል ቦታ የሚይዝበትን መረጥኩ። ልክ እንደ ዋጫው የጽሕፈት መኪናዬ ስለሆነ ሳየው አንጀቴ ራሰ። ከዚያ ለየመስመሩ ቁጥር ሰጠሁ፤ ልጆቹ ቁጥሩንም አብረው መቱት። ባዶ ቦታው ላይ ትንሽ ቀስት አደረግኩ፤ አንዱ ልጅ ቀስቷን ኪቦርድ ላይ ሲፈልግ ረፈደበት። ሳጥኑን ግራጫ ቀለም ቀባሁት፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ከሰል መሰለ። ሳጥኑ ውስጥ በአማርኛ «ይህን መስመር ልብ በሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም መቱት፣ ኮምፒውተሩም ልብ አላለም። ጋሽ ወልዴ እያንዳንዱን ሙከራዬን በትዕግሥት አይተው «እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» ሲሉ ከረሙ።

በመጨረሻ መፍትሔው የመጣው ከልጆቹ ነው። አንባቢዎቹ በራሳቸው ጊዜ ለመቺዎቹ «ገባ» እና «ዳር» እያሉ መጥራት ጀምረው ነበር። አንዳንዶቹ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው የሚሉት፤ ሲፈጥኑ ዜማ ይመስላል። እኔ ያደረግኩት ይህን ጥሪ በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው። ሰፊ ኅዳግ ተውኩ፣ የዳሩን ቦታ ከላይ እስከ ታች በስስ ነጠብጣብ አሰመርኩት። ነጠብጣቡን የነካ መስመር ዳር ነው፣ ከነጠብጣቡ የራቀ ገባ ነው። ማብራሪያው በሙሉ ከሳጥኑ ውጭ ወጣ። ጋሽ ወልዴ አይተውት ማስመሪያውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ሻይ ጋበዙኝ። እሳቸው ሻይ ከጋበዙ ተፈጽሟል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ከሠልጣኞቹ መካከል ማርታ የምትባል፣ ከቦንጋ ውጭ ካለው ከማንኪራ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ደወል ነው፤ እሷ ስታነብ ከጎኗ ያሉት ጥንዶች ሳይቀሩ የራሳቸውን ወረቀት ትተው እሷን ሰምተው ይመቱ ነበር። የሰፈሯ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የሚዛን ኮምፒውተር አስገብቶ ነበርና፣ የብቃት ምዘናውን አልፋ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ከመጣች ሥራው የእሷ እንደሆነ ሊቀመንበሩ ቃል ገብተውላታል። ነገር ግን ቀጠሮ አለው፤ የቡና ግዢው ከመከፈቱ በፊት ካልደረሰች ሌላ ሰው ይቀጠራል። ማርታ ይህን ሁላችንንም ነግራናለች። ሞጁል ሲሰጣት ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትይዘዋለች። ገጽ ጠርተህ ብትጠይቃት መስመሩን ትነግርሃለች።

የዚያን ዓመት አዲሱን ሞጁል እኔና ጋሽ ወልዴ ሙሉውን አንብበን ጨርሰን ነበር። ሊባዛ ሲል የኮሌጁ ማባዣ ተበላሸ። ዲኑ ከተማ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አስባዝተሽ ነይ አሉኝና ፍላሹን ይዤ ሄድኩ። የቤቱ ኮምፒውተር ላይ እኔ የመረጥኩት የፊደል ዓይነት አልነበረም። ኮምፒውተሩ ደግሞ የለኝም ብሎ አይናገርም፤ በራሱ ጊዜ የሚመስለውን ሌላ ተክቶ ይከፍታል። በምትኩ የገባው ፊደል ትንሽ ቁመቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ መስመሮቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ተገፉ። ያሰመርኩት ስስ ነጠብጣብ ደግሞ በዚያ ማሽን ጨርሶ አልታየም ማለት ይቻላል። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ቀለሙ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ፣ ጥራዙ ጠንካራ ስለነበር ውስጡን መስመር በመስመር ሳላይ ባለቤቱን አመስግኜ በባጃጅ ጭኜ መጣሁ።

ምዘናው ደረሰ። ተግባራዊው ጥያቄ ለበርካታ ሰዎች ሒሳብ አስልቶ ጠቅላላ ድምር ማውጣት ነበር፤ ከእኛ የቡና ምሳሌ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ እየሳቁ ገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ከእኛ ክፍል በርካቶቹ ወድቀዋል። ማርታም ወድቃለች።

ጋሽ ወልዴ ውጤቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። ከዚያ ከልጆቹ የአንዱን ሞጁል ተዋሱና ጃኬታቸውን አወለቁ። «ነይ፣ የቡናውን ምሳሌ አንብቢልኝ።» አነበብኩ። ለየገበሬው አባዛ፣ ገባ። ዋጋውን አሳይ፣ ገባ። ገጹ አለቀ። ገለበጥኩ። ድምሩ ላይ ጨምር የሚለው መስመር ብቻውን በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ማብራሪያ ነው፤ ውጤቱን አሳይ የሚለው ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው። «ገባ ነው ዳር?» አሉኝ። ማስመሪያውን ባስጠጋም፣ ወረቀቱን ባዞርም የሚመዘንበት ጎረቤት መስመር የለውም። እኔ ራሴ የጻፍኩትን መስመር ገባ ይሁን ዳር መናገር አቃተኝ።

ልጆቹ ዳር ነው ብለው አጥንተውታል። ዳር አድርገው ሲጽፉት ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀይ አያወጣም። የየገበሬውን ዋጋ አሳምሮ ያሳያል፤ ጠቅላላው ድምር ላይ ሲደርስ ግን የመጨረሻውን ሰው ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ስህተት ነው የሚል ድምፅ ስላልሰሙ ልክ ነው ብለው አስረከቡ።

ጋሽ ወልዴ አላንጎራጎሩም። «እኛ ያነበብነው አንድ ወረቀት ነው፤ ለልጆቹ የሰጠነው ሌላ ወረቀት ነው» አሉ። በዚያ ቀን እንዳፈርኩት በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ወደ ቤት የሄድኩት ሰው በማያገኘኝ መንገድ ነው።

ደግነቱ ግዢው ከመከፈቱ በፊት ሌላ የምዘና ዙር ነበር። ወረቀቱን አስተካክለን፣ የትኛውም ምሳሌ በሁለት ገጽ እንዳይከፈል አድርገን፣ የወደቁትን ጠራናቸው። ሁሉም መጡ። ማርታ አልመጣችም። ስልኳ አይነሳም። አብራት የምትመታው ጓደኛዋ «ማንኪራ ገብታለች፤ ሁለተኛ አልመለስም ብላለች» አለችን።

ጋሽ ወልዴና እኔ መንገድ ጀመርን። ባጃጁ እስከቻለው ወሰደንና ጭቃው ሲበረታ «ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ነው» ብሎን ተመለሰ። በጫካው መሐል በእግር መንገዱ ወረድን። ጋሽ ወልዴ ጃንጥላ ይዘው ነበር፤ ከዝናቡ ይልቅ እኔን ከመንሸራተት ለመደገፍ ነው የጠቀማቸው። ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን የንብ ቀፎዎች ባዩ ቁጥር ቆመው ያደንቃሉ፤ እኔ ጫማዬን ከጭቃ አወጣለሁ።

የማርታ እናት ቅቅል ጎደሬና ማር አቀረቡልን። ከዚያ ለረጅም ጊዜ በካፊኖኖ ተናገሩ። ጋሽ ወልዴ ካፊኖኖ ስለማይሰሙ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ማርታ አንገቷን ደፍታ «እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች» ብላ ተረጎመች። እኔ በካፊኖኖ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ፤ እናትየዋ ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል አልነበረበትም። ልጄ ዓይኗ እስኪደክም አጥንታ ወደቀች፣ እናንተ ምን አስተማራችኋት የሚል ነበር፤ ሌላው ይቅር። ቀና ብዬ ሳይ ማርታ እንደሰማሁ ገባትና ሳቋን መያዝ አቃታት። በዚያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ እሱ ነበር።

«ማርታዬ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ወረቀቱ ነው» አልኳት።

«እሱን ጓደኛዬ ነግራኛለች፣ እትዬ። እኔ ከወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል አልቀነስኩም፣ አንድ አልጨመርኩም። ታዲያ ሌላ ምን ላድርግ?»

«አሁን አስተካክለነዋል» አልኩ።

«ሌላውስ?» አለች። «ሙሉውን በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ። አንዱ መስመር ከዋሸኝ ሌላው እንዳልዋሸኝ በምን አውቃለሁ?»

ሌላው ልክ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ወልዴ ቀደሙኝ። «አታውቂም» አሉ። «እኔም አላውቅም። መጥተሽ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንድ በአንድ ሞክሪው። ያልገባሽን፣ የተጠራጠርሽውን ሁሉ ጠይቂን። ካልሠራ እንለውጠዋለን።»

ማርታ ለእናቷ ተረጎመች፤ ይህንንስ በትክክል ተረጎመችው። እናትየዋ ጋሽ ወልዴን ትክ ብለው አዩና በአማርኛ «መምህር ራሱ አላውቅም ካለ ልጄን ለምን ይወስዳል?» አሉ። ጋሽ ወልዴ ሳቃቸው መጣ። «እናቴ፣ አውቃለሁ ብዬ ነው እኮ ያስወደቅኋት» አሏቸው። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ሌላ ጎደሬ ጨመሩላቸው፤ ከእንግዲህ ትሂድ ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ማርታ መጣች። መምጣቷንስ መጣች፣ እኛ ግን አበሳችንን አየን። ከዚህ በፊት ጠይቃ የማታውቅ ልጅ እያንዳንዱ መስመር ላይ ትቆማለች። «ይህ ለምን ገባ አለ? ዳር ባደርገው ምን ይሆናል?» ዳር ታደርገዋለች፣ የሚሆነውን ታያለች፣ ትመልሰዋለች። አንድ ቦታ ዜሮና ኦ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተመሳስለውብኝ አገኘች። ሌላ ቦታ ጥቅስ ጎድሎ አገኘች። ስታገኝ «እትዬ አስናቀች!» ብላ ከዚያ ጥግ ትጠራኛለች፤ ያ ደወል የመሰለ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው «አሁንም አለች?» ይሉኝና ካለች ወደ ሻይ ቤት ይሸሻሉ። ያ ጊዜ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ በጣም የደከምኩበት ነው፣ በጣም የሳቅኩበትም ነው።

የሁለተኛው ምዘና ቀን እኔ ክፍሉ ውስጥ እንድገኝ ተመደብኩ። ኮምፒውተር ቢበላሽ ወይ መብራት ቢጠፋ ለማስተካከል ነው፤ ስለ ጥያቄው ግን ከሠልጣኞቹም ከመዛኙም ጋር አንድ ቃል መነጋገር ክልክል ነው። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ጎልማሳ ነበሩ። የጥያቄ ወረቀት አደሉ። አንዱ ትርፍ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

አየሁት። ጥያቄው የተሰጠ ኮድ ላይ ጥቂት መስመር ጨምሮ መጨረስ ነው። የተሰጠው ኮድ ሲባዛ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ገደድ ብሎ ገብቷል። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተዋል። አንደኛው መስመር፣ ያው መከረኛው ድምር፣ ገባ ይበል ዳር ይሁን የሚለይ ሰው አይኖርም። መናገር አልችልም። ብናገር ምዘናው ይሰረዛል፣ ልጆቹን በገዛ አፌ አስወድቃቸዋለሁ። ዝም ብል ደግሞ ያለፈው ጊዜ ይደገማል። ማርታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። የማንኪራ ቡና መቅላት ጀምሯል፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ዙር የለም።

ኪቦርዶቹ መንጫጫት ጀመሩ። ልጆቹ ወረቀቱን እያዩ ይመታሉ፤ እንዳለ ይገለብጣሉ። ማርታም ትመታለች። አንድ መስመር፣ ሁለተኛ መስመር። እዚያች ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወረቀቱን አነሳችው፣ አዘነበለችው፣ መለሰችው። በሆዴ ያላልኩት የለም። ምቺው ወይ ተዪው እንዳልላት አፌን በእጄ ይዣለሁ።

እጇን አነሳች።

«ምንድን ነው?» አሉ መዛኙ።

«መምህር፣ ይህ መስመር ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

«እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ፤ እንዳለ ጻፊው።»

«እንዳለ ልጽፈው አልቻልኩም» አለች። እጇን አላወረደችም። «ገባ ከሆነ መልሱ ሌላ ነው፣ ዳር ከሆነም ሌላ ነው። ወረቀቱ አይናገርም።»

መዛኙ መጡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ወረቀቷን አዩ። ከጎኗ ካለው ልጅ ወረቀት ተቀብለው አዩ። ኪቦርዱ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ወደ ቦርሳቸው ሄደው ዋናውን ቅጂ አወጡ። ለብዙ ጊዜ አነጻጸሩት፤ ለእኔ ለብዙ ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉና «ልክ ናት። ማባዣው አዛብቶታል» አሉ። «ያ መስመር ገባ ያለ ነው። ሁላችሁም አርሙት።» ግማሹ ክፍል ዳር አድርጎት ነበር መሰለኝ፣ ኪቦርዱ እንደ ዝናብ ወረደ።

ምዘናው አልቆ ስወጣ ጋሽ ወልዴን ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እጇን አነሳች» አልኳቸው።

«ታመመች?» አሉ ደንግጠው።

«ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ብላ ጠየቀች። ወረቀቱ አይናገርም አለቻቸው።»

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ጋሽ ወልዴ ሲያለቅሱ ሰው ቢያያቸው አይወዱም፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ማርታ አለፈች። አብረዋት የነበሩትም አለፉ። ግዢው ሳይከፈት ደርሳ ሚዛኑ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዛሬም እዚያው ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ መጠየቅ የማያስፈልገው ወረቀት ለማውጣት ለፋሁ፤ በዚህ አልቆጭም። ግን አፌን በእጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ያቺ ልጅ እጇን ስታነሳ የተሰማኝን ደስታ፣ ካሳመርኳቸው ወረቀቶች ሁሉ አንዱም ሰጥቶኝ አያውቅም።